ኪንታሮት ነው? የትኛው?

ፎቶ እየላካችሁ «ኪንታሮት ነው ወይ?» የምትሉን አላችሁ። በፎቶ አንመረምርም፤ መለያውን ግን እንንገራችሁ።

የውስጡ መጀመሪያ ላይ አይታይም፣ አያምምም፤ ሽንት ቤት ደማቅ ቀይ ደም ጠብ ይላል። ሲብስ ቀይ፣ እርጥብ እብጠት ሆኖ ይወጣል። አንዱ ራሱ ይመለሳል፣ አንዱ በጣት ካልተገፋ አይገባም፣ የመጨረሻው ጭራሽ እምቢ ይላል።

የውጭው በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ያሳክካል። በድንገት ጠጥሮ ወይን ጠጅ መልክ ካመጣና መቀመጥ ከከለከላችሁ ደም ረግቶበታል። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ከደረሳችሁ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊገላግላችሁ ይችላል።

የሚያደናግረው ስሙ ነው። በኤች ፒ ቪ ቫይረስ የሚመጣውንም፣ አበባ ጎመን የሚመስለውን፣ «ኪንታሮት» እንለዋለን። እሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ለየቅል።

«ይነቅለዋል» ተብሎ የሚቀባ ቅጠልና ሥር ጤነኛውን ሥጋ ሊያቃጥል፣ ፊንጢጣንም ሊያጠብ ይችላል። እባካችሁ ይቅር!

ደሙ ካላቋረጠ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ክብደት ከቀነሳችሁ ማፈር አያስፈልግም። አንበሳሜ ያላችሁ እዚያው ጤና ተቋም ታዩ፤ ከባሰ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለ።