ነፋሱ ስልክ የነበረ ጊዜ

ንፋስ ስልክ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ታክሲ፣ ክፍለ ከተማ፣ ምናልባትም የቀለም ፋብሪካው ነው። ጎፋ ወይም ሳሪስ የሚኖር ሰው ስሙን በቀን አሥር ጊዜ ይጠራዋል። ስሙ ግን የመሣሪያ ስም ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ራዲዮ ማለት ነው።

ቃሉን ትንሽ ልፈታው፣ ምክንያቱም ደስ ይለኛል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ክር፣ ሽቦ ነው። ዐረቦቹ ራሳቸው ራዲዮ ሲመጣ «ላ ሲልኪ» አሉት፤ ሽቦ የሌለው። እንግሊዞችም «ዋየርለስ» አሉ። ሁለቱም ስም ያወጡለት በጎደለው ነገር ነው። የእኛዎቹ ግን ሽቦ ጠፋ አላሉም፤ ሽቦው ነፋሱ ነው አሉ። በእኔ ሚዛን ከሦስቱ የተሻለው ስም ይሄ ነው።

ከዚሁ ሰፈር በ1927 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንጆቹ 1935 መሆኑ ነው፣ የኢትዮጵያ ራዲዮ ስርጭት ጀመረ። የማሠራጫው ጉልበት 1 ኪሎዋት ነበር። ይህ ስንት እንደሆነ ለመገመት ወጥ ቤት ግቡ፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ሦስት እጥፍ ይበልጠዋል። የጣቢያውን ግንባታ ውል የወሰደው ደግሞ አንሳልዶ የሚባል የጣልያን ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ በራዲዮ ንግግር አደረጉ። ጣልያን ሲገባ የአገሪቱ ድምጽ ተቋረጠ፤ የቀጠለው በ1933 ዓ.ም. ከነጻነት በኋላ ነው።

ያን ድምጽ ተሸክሞ ባሕር ያሻገረው ዕቃ ቫልቭ ይባላል፤ ቱዩብ የሚሉትም አሉ። ሲያዩት አምፖል ነው። ውስጡ አየር የለም። ከመሃል ያለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቃል፣ ዙሪያውን ያለው ብረት ደግሞ ይስባቸዋል። በሁለቱ መካከል ቀጭን የሽቦ ወንፊት አለ። በወንፊቱ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ሲል በውስጡ የሚያልፈው ትልቁ ጅረት አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በቃ፣ ድምጽ ማጉላት ማለት ይሄው ነው። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ወንፊቱን በ1906 ካስገባ ጀምሮ ትራንዚስተር በ1947 እስኪፈጠር፣ በዓለም ላይ በኤሌክትሪክ የጎላ ድምጽ ሁሉ ከሞላ ጎደል በዚህ ጠርሙስ ውስጥ አልፏል። ንፋስ ስልክ ያለው ማሠራጫም፣ ሳሎን ያለው መቀበያም አንድ ዘር ናቸው። የማሠራጫው ትልቅ፣ የሳሎኑ አውራ ጣት የምታክል።

የሳሎኑን አያቶቻችን ያውቁታል። የእንጨት ሣጥን፣ ፊቱ ላይ የተወጠረ ጨርቅ፣ የከተሞች ስም የተጻፈበት መስታወት፣ ከላዩ ዳንቴል። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው አይናገርም። ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል። በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣው ዐዋጅ በአልጋ ወራሹ ድምጽ ሲነበብ ትራንዚስተር ራዲዮ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ያን ዜና በእንዲህ ያለ ሣጥን የሰማ ብዙ ቤት ነበር።

አሁን እነዚህ ሣጥኖች የሚያልቁት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቆራሌው ነው፤ ለመዳቡና ለብረቱ ይወስዳቸዋል። ሁለተኛው ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ሆዳቸው ይዘረገፍና ብሉቱዝ ስፒከር ይገባባቸዋል፣ ከዚያ ካፌ ውስጥ ለፎቶ ይቀመጣሉ። ቆራሌው ቢያንስ አላስመሰለም።

የሚያናድደው ደግሞ ብዙዎቹ መዳን የሚችሉ መሆናቸው ነው። ቤታችሁ አንድ ካለ እባካችሁ ዝም ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ስድሳ ዓመት የተኛ ራዲዮ የሚሞተው በተኛበት ጊዜ ሳይሆን በተቀሰቀሰበት ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቫልቮቹ አይደለም፤ እነሱ ዕድሜ ይችላሉ። ጥፋቱ የካፓሲተሮቹ ነው። ትልልቆቹ ውስጣቸው ይደርቃል። በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ደግሞ እርጥበት ስበው ማፍሰስ ይጀምራሉ። በተለይ ከመጨረሻው ቫልቭ ወንፊት ጋር የተያያዘችው አንዷ ካፈሰሰች ቫልቩ ከልክ በላይ ጅረት ይስባል፣ ይግላል፣ ድምጽ ማውጫ ትራንስፎርመሩን ይዞት ይሄዳል። የሳንቲም ዕቃ የማይገኝ ዕቃ አቃጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጀርባ ያለው የቮልት መምረጫ ይታያል። 110 ላይ ከቆመ የእኛ 220 ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ካፓሲተሮቹ ይቀየራሉ፤ አዲሶቹ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ አሮጌውን ቀፎ አውጥቶ በውስጡ የሚደብቃቸው ጠጋኝ አለ። እኔ ይሄን ማስመሰል አልለውም፤ ሣጥኑን ከማራቆት ጋር አንድ አይደለም፣ ምክንያቱም ራዲዮው አሁንም በራሱ ቫልቭ ይናገራል። ሬዚስተሮቹ ይለካሉ፣ የቫልቮቹ እግሮች ይጸዳሉ። መብራት የሚሰጠው የድሮ ዓይነት አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ተቀጥሎ ነው። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ራዲዮው ይተርፋል። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ሌላም አደጋ አለ፦ ውስጡ ከ250 ቮልት በላይ ይዞራል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ያቆሩታል። ይህን የማያውቅ ሰው ክዳኑን ባይከፍት ይሻላል።

ዕቃው? ለማጉያ የሚሆኑት፣ እንደ ኢኤል 84 ያሉት፣ ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይመረታሉ። የጊታር ማጉያ ተጫዋቾች ይመስገኑ፣ እነሱ ባይኖሩ ፋብሪካው ይዘጋ ነበር። የራዲዮ መቀበያ ክፍል ቫልቮች ግን ብዙዎቹ ከቆዩ ክምችቶች ነው የሚገኙት። ምናለሽ ተራ ውስጥ የተጣለ የሞተ ራዲዮ የሌላውን ነፍስ ሊያድን ይችላል፤ ለዚህም ነው ቆራሌው ሁሉን ከመፍጨቱ በፊት መድረስ የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1950ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ የጀርመን ራዲዮዎች የኤፍኤም መስመር ነበራቸው፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ድረስ። እዚህ አዲስ አበባ የገዛቸው ሰው ያን ቁልፍ ሲጫን የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ ኤፍኤም አዲስ የመጣው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። ዛሬ ንፋስ ስልክ ውስጥ በደንብ የታደሰ አንድ ሣጥን ብትከፍቱ፣ ግማሽ ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ፣ አረንጓዴው ዓይኑ ጠበብ ሲል 97.1 ይገባል። ሸገር 102.1 አይገባም። መስታወቱ ላይ ቦታ የለውም፤ መርፌው 100 ላይ ደርሶ ይቆማል።