የዛፉ ባለቤት ማን ነው?

አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ ማገዶ ጠፋባት። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት ማገርና ለምድጃ እየተባለ አለቀ። በቀደመው ዘመን እንጨት ሲያልቅ መናገሻውን ጥሎ መሄድ የተለመደ ነበርና፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው በዚያ ግንባታ አስጀመሩ። ከተማዋን ከመለቀቅ ያተረፋት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው፣ የአውስትራሊያ ተወላጁ ባሕር ዛፍ ነው።

ዛፉ ቶሎ በማደጉ ይመሰገናል። ነገር ግን ፈጥኖ የተስፋፋው በዘሩ ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ዛፍ የለበሰን መሬት ከግብር ነፃ አደረጉ፤ ችግኝም በቅናሽ እንዲከፋፈል አዘዙ። ከሁሉም በላይ ተካዩ የተከለው ለራሱ ነበር። አጣናውን ለቤት ሠሪ ይሸጣል፣ ጭራሮውን ያነድዳል፣ ቅጠሉ ምጣድ ያሰማል። ሲቆርጠው ደግሞ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጥለታል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ዘብ አይጠብቀውም፤ ጠባቂው ባለቤቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ትምህርቱ መራራ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ ቀንበር አላቀቀው። ይህ ውለታው አይካድም። መሬቱ ግን የሕዝብ ተባለ፤ በኮረብታው ላይ የሚተከለውም ዛፍ እንዲሁ። የ1966ቱ ረሃብ የተራቆተ ተዳፋት ምን እንደሚያመጣ አሳይቶ ስለነበር፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ ታላቅ የእርከንና የችግኝ ዘመቻ ተካሄደ። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ አማካይነት ተሰልፎ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ችግኝ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ለአንድ የሥራ ቀን የሚሰፈርለት ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ዘይቱ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ነው።

ያ ስንዴ ነፍስ አድኗል። ይሁንና ገበሬው የዛፉ ባለቤት አልሆነበትም። ከተከለለው ኮረብታ ከብቱን እንዳያሰማራ፣ የተከለውንም እንዳይቆርጥ ተከለከለ። ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚጠቀምበት የነገረው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጥበቃው ሲላላ፣ በብዙ አካባቢ ያ ሁሉ የተደከመበት ደን በመጥረቢያ ወደቀ። የቆረጡት ብዙዎቹ ራሳቸው የተከሉት ነበሩ። ሕዝባችን ደን ጠል ሆኖ አይደለም፤ የራሱ ያልሆነው ዛፍ እጁ የሚገባው ያን ቀን ብቻ ስለመሰለው ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ በወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ተጻፈ። የሁምቦ ተራራ ደኑን ካጣ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረው፣ ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ምንጮቹም እየደረቁ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በእርዳታ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ከልሎ ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስረከበ። ማኅበራቱ በተከለለው ቦታ የመጠቀም መብታቸው በሰነድ ተረጋገጠላቸው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየው ቀላል ነው። ሞቷል የተባለው ጉቶ ከአፈሩ በታች ሥሩ ሕያው ነው፤ በየክረምቱ ቀንበጥ ያወጣል፣ ፍየል ይበላዋል። ገበሬው ከቀንበጦቹ መካከል ቀጥና ጠንከር ያሉትን ጥቂቶች ይመርጣል፣ ሌላውን በማጭድ ይመለምላል፣ ከብት እንዳይደርስበት ይጠብቃል። የተመለመለው ማገዶ ይሆናል፤ የተከለለው ሣር እየታጨደ ለከብት ይሄዳል። አብዛኛው ደን ያገገመው በዚህ መንገድ ነው። ችግኝ የተተከለው ጉቶ ባልቀረበት ስፍራ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ሁምቦ የካርቦን ቅነሳ ለሽያጭ በሚመዘገብበት የተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም ደኑ ከሚያስቀረው ካርቦን 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ገንዘቡ በማኅበራቱ በኩል የሚገባ ሆነ። ገበሬው ከቆመ ዛፍ ገቢ አገኘ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ እንተክላለን፣ እንቆጥራለን። መትከላችን መልካም ነው። ከቁጥሩ ጎን ግን አንድ ሌላ ዓምድ መኖር አለበት፦ የባለቤቱ ስም። በመጪው ክረምት ችግኝ ይዘን ወደ ኮረብታው ስንወጣ፣ ጉድጓዱን ከመቆፈራችን በፊት በዚያ ኮረብታ ሥር የሚኖረውን ገበሬ እንጠይቀው፤ ዛፉ የእርሱ መሆኑንም በወረቀት እናረጋግጥለት።