ስንቁ የከዳው ዘር

ዘንድሮ ስለ አንድ ዘር ታሪክ ጥቂት እናወጋችኋለን።

ፊሊፒንስ በሚባለው የደሴቶች አገር ማካፑኖ የሚሉት ኮኮናት አለ። ተራው ኮኮናት ሲሰበር ውሃና ጠንከር ያለ ነጭ ሥጋ ይገኝበታል። የማካፑኖ ሥጋ ግን እንደ ገንፎ የለሰለሰ ነው፤ ውሃውም ወፍራም ነው። ለአይስክሬምና ለጣፋጭ ምግብ ስለሚፈለግ ዋጋው ከተራው ይበልጣል። ታዲያ ገበሬው ለምን አላበዛውም ቢሉ፣ ዘሩ ቢተከል አይበቅልማ!

ጽንሱ ሞቶ አይደለም። ጽንሱስ ጤነኛ ነው፤ የከዳው ስንቁ ነው። ያ ለስላሳ ሥጋ ጽንሱን እንደሚገባ ሳይመግብ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ማካፑኖ አልፎ አልፎ ከሚያፈራ ዛፍ ተራውን ፍሬ ለቅሞ ይተክልና ዕድሉን ይጠብቃል። የበቀለው ዛፍ ባሕርዩን ቢወርስ እንኳ፣ ከአራት ፍሬ አንዱ ማካፑኖ ቢሆንለት ትልቅ ነገር ነው። እንደ እንሰት ሥሩን ቀብሮ ብዙ ችግኝ ማውጣትም አይቻልም። ኮኮናት ማደጊያው አንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ዛፉ ይሞታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በሎስ ባኞስ፣ በፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ፣ ዶክተር ኤመሪታ ደ ጉዝማን ከባልደረባቸው ከዴል ሮዛሪዮ ጋር የማካፑኖን ጽንስ በላቦራቶሪ ስለ ማሳደግ ጥናት አሳተሙ። ትንሿን ጽንስ ከፍሬው አውጥቶ፣ ከጀርም አጽድቶ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት ምግብ ላይ በብርጭቆ ቱቦ ማኖር ነው። ነገሩ የእናቱ ጡት የነጠፈበትን ሕፃን በጡጦ እንደ ማሳደግ ነው። ቅጠልና ሥር ሲያወጣ ወደ አፈር ይዛወራል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሻጋታ ከገባ ጽንሱ ይጠፋል፤ ከቱቦ የወጣው ችግኝም ነፋስና ፀሐይ እስኪለምድ ብዙው ይሞታል። ደግሞም ከአንድ ፍሬ የሚገኘው አንድ ችግኝ ነው።

ይሁንና ድካሙ ከንቱ አልቀረም። በዚህ መንገድ ያደገ ዛፍ ከመቶ 75 እስከ 100 የሚሆነው ፍሬው ማካፑኖ ነው። ብቻ ከተራ ኮኮናት ርቆ ይተከል፤ የጎረቤት ዛፍ ብናኝ ከደረሰበት ፍሬው ተራ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ አልበቅል ያለ ዘር ሁሉ የሞተ አይደለም፤ የጎደለውን አይቶ የሚሞላለት ያጣም አለና እንላለን።