ውሃ በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

የአንድ ጎልማሳ ወንድ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። የሴት ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን 75 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42 ሊትር ያህል ይዞ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው በሴሎች ውስጥ ሲሆን የቀረው በሴሎች መካከልና በደም ውስጥ ይገኛል።

ውሃ ምግብና ኦክስጅን ያመላልሳል፣ በላብ መልክ ሲተን ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ ቆሻሻን በሽንት ያስወግዳል። የሚያስደንቀው የኩላሊት ቁጠባ ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ በሽንት የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። ሌላው ወደ ደም ይመለሳል።

"በቀን ስምንት ብርጭቆ" የሚባለው እንደ ሕግ አንቀጽ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ ግን የለም። ሥራው፣ ሙቀቱና ምግቡ ይወስኑታል፤ ሾርባውም ሻዩም ይቆጠራል። ለጤነኛ ሰው ጥማት ጥሩ ምልክት ነው። አረጋውያን ግን የጥማት ስሜታቸው ስለሚደክም ሊታወሱ ይገባል።

ዋናው ቁም ነገር ውሃ ብቻውን የማይሠራ መሆኑ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከውሃው ጋር ጨውም ያጣል። "ከጠጣ ይብስበታል" ተብሎ ውሃ የሚከለከል ሕፃን አለ፤ ይህ ገዳይ ስህተት ነው። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ያስገባል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት በሕንድ ባንጋኦን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ፣ ዶ/ር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው በአፍ ሰጡ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ።

ዛሬ ይኸው ውህድ ኦ.አር.ኤስ. ተብሎ በፓኬት ይገኛል። ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ መበጥበጥ ይቻላል። ጨው መብዛቱ ራሱ አደጋ ስለሆነ በግምት አይጨመርም። እዚህ ላይ ንጹሕ ውሃ ከየት ይምጣ የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውሃን ጠቅሶታል፤ ነገር ግን "የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን" ከሚል ሐረግ ጋር ነው። የተቅማጥ በሽታ ይህን ሐረግ አያውቅም።

ሕፃኑ ጡት መጥባቱን አያቋርጥ። የሚያስታውከው ከሆነ ፈሳሹ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከደረቀ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ፈዞ መጠጣት ካቃተው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በመንገድም ላይ የሚጠጣ ከሆነ መስጠቱ አይቋረጥ።