ከመላክ በፊት ያለው ጽሑፍ

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ታላቅ እህቴ ከዱባይ ቴሌግራም ላይ ትጽፍልኝ ጀመር። እየጻፈች መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ብቅ አለ። አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። በመጨረሻ የመጣው «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» የሚል ብቻ ነው። ምን ጽፋ እንዳጠፋች አላውቅም።

ድሮ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር። በ1973 (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕላቶ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ዳግ ብራውን እና ዴቪድ ዉሊ ቶኮማቲክን ሠሩ። እስከ አምስት ሰው አንድ ላይ ያወራበታል፤ ስክሪኑ ለየሰዉ ተከፋፍሏል። «ላክ» የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ፊደል እንደተነካ ለሁሉም ይታያል፣ ስህተቱም ማጥፋቱም ጭምር።

በ1988 ፊንላንዳዊው ያርኮ ኦይካሪነን አይአርሲን ሲሠራ መልእክቱ በመስመር ሆነ፦ ጨርሶ ኢንተር እስኪጫን ድረስ የጸሐፊው ጉዳይ ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ቻቶች አብዛኞቹ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ፊደል በፊደል መተያየቱ ግን አልሞተም፤ አብሮ ለመጻፍ ተፈለገ። እዚህ ላይ ችግር አለ። ሁለታችን «ልጅ» የሚል ቃል ከፍተናል እንበል። እኔ ከፊቱ «የ» እጨምራለሁ፤ አንቺ በዚያው ቅጽበት «ከሁለተኛው ፊደል በኋላ ነት» ትያለሽ። ትእዛዝሽ እኔ ጋ እንዳለ ቢደርስ «የልነትጅ» ይሆናል። በ1989 ክላረንስ ኤሊስ እና ሳይመን ጊብስ መፍትሔ አቀረቡ፦ የዘገየው ትእዛዝ ቀድሞ የተደረገውን አይቶ ቦታውን ያስተካክል። «ሁለተኛው» ወደ «ሦስተኛው» ይቀየራል፣ «የልጅነት» ይወጣል። ኤሊስ በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ጉግል ይህንኑ ሐሳብ በ2009 ዌቭ ላይ ለውይይትም አዋለው፤ በዓመቱ ልማቱን አቆመ። በጉግል ዶክስ ግን እስካሁን አብረን እንጽፍበታለን።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሥራ ነው። ለደንበኞች የሚሆን ቻት እየሠራን ሳለ፣ ደንበኛው ገና ሳይልክ የሚጽፈውን ለሠራተኛው እናሳይ ተባለ። መልሱን ያፈጥናል አሉ። ኮዱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የቶኮማቲክ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አይደለም ግን። ቶኮማቲክ ላይ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይታያል፣ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። የኛ ግን በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ መስኮት ነው። ሰውየው «ላክ» የሚለውን ቁልፍ እያየ፣ ያልላከው ቤቱ የቀረ ይመስለዋል። ስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ፦ ወይ ለደንበኛው እንንገረው፣ ወይ ይቅር። ገና አልተወሰነም።

እህቴ ያጠፋችውን ለማየት በጣም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። በማግስቱ ደወልኩላት። ስለዚያ ሌሊት ግን አልጠየቅኳትም፤ ራሷ እስክትጀምር ዝም ብዬ ጠበቅኩ።