ስለ ነፋስ ስልክ የጭቃ ቤቶችና ስለ ድመቶቻቸው

አሜሪካውያን ስለ አሮጌ ሕንፃዎቻቸው ታሪክ ሲጽፉ፥ ሕንፃውን ማን እንዳሠራውና በምን ዘመን እንደ ተፈጸመ ከተናገሩ በኋላ፥ ብዙውን ጊዜ በውስጡ የምትኖረውንም ድመት ያነሣሉ። በኒው ዮርክ ከተማ በ1902 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በአልጎንኩዊን ሆቴል ከ1930ዎቹ ጀምሮ ድመት የማኖር ልማድ አለ፤ ወንድ ሲሆን ሐምሌት፥ ሴት ስትሆን ማቲልዳ ትባላለች፤ አንዱ ሲሞት ተተኪው ስሙን እንደ ዙፋን ስም ይወርሰዋል። በፍሎሪዳ ጫፍ በኪ ዌስት የሚገኘው፥ ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ የኖረበትና በ1851 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቤት ደግሞ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ስድስት ጣት ላላቸው ድመቶች ርስት ሆኖአል። በአዮዋ ክፍለ ግዛት ስፔንሰር በምትባል ትንሽ ከተማ በጥር 1988 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት በሚመለሱበት ሣጥን ውስጥ ተጥሎ የተገኘ የድመት ግልገል፥ ዴዊ ተብሎ እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ ኖሮአል፤ ታሪኩም በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ አገር ተነቦለታል።

እኛ የቤተ መንግሥቱንና የአድባራቱን ታሪክ ጽፈናል፤ የመኳንንቱንም ግቢ ለክተናል። ተራው ሰው የኖረበት የጭቃ ቤት ግን ጸሓፊ አላገኘም፤ ድመቱማ ከቶ ማን አስታውሶት! ስለዚህ በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፥ ስላሉትና ስለ ነበሩት ቤቶች ጥቂት መናገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የሰፈሩ ስም ራሱ ታሪክ ነው። ስልክ በሽቦ ሲሄድ ያየ ሕዝብ፥ ያለ ሽቦ ወሬ የሚያደርስ መሣሪያ በደቡብ በኩል ሲተከል ባየ ጊዜ፥ ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ መሆን አለበት ብሎ «ነፋስ ስልክ» አለው። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚገኘው ሳር ቤት ደግሞ ከክዳኑ ሳር ስሙን ወሰደ፤ ሳሩ በቆርቆሮ ከተለወጠ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙን የሚለውጥ አልተገኘም። አሮጌው ኤርፖርትም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፥ ከአሜሪካው ትራንስ ወርልድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ሥራውን የጀመረው በልደታ ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ወደ ቦሌ ከተዛወሩ በኋላ ለሰፈሩ የቀረለት ስሙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የአዲስ አበባ የጭቃ ቤት የሚቆመው በባሕር ዛፍ ነው፤ ቋሚው ተተክሎ በማገር ይታሰራል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል፤ ሲደርቅም ይለሰናል። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ ወይም የጆንያ ጨርቅ ተወጥሮ፥ ዳር ዳሩ በሚስማር ተመትቶ፥ ኖራ ይቀባና ኮርኒስ ይባላል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ስፍራ የቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ባለቤቱ ግን ኪራይ ሊሰበስብበት አይችልም፤ ነዋሪዎቹ አይጦች ናቸውና።

በዚህ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሌሊቱን ጦርነት ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ የአይጦቹ ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ድመቷ በግድግዳውና በጣራው መካከል በተተወው ክፍተት ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ በጨርቁ ላይ ፈረስ የሚጋልብ ይመስላል። ተኝቶ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው የአራት እግሮቿን ጕድጓድ በኮርኒሱ ላይ ሲሄድ ያያል። ጨርቁ ያረጀ እንደ ሆነ አንድ ቀን ድመቷ ከነአይጧ ከአልጋው ላይ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ማለት ሰውየው፥ ድመቷና አይጧ እኩል ይደነግጣሉ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፥ ለተቀደደው ኮርኒስ የምትገረፈው ግን ድመቷ ናት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ቤቱ ተቆጠረ፤ ነዋሪውም በቅጽ ተሞላ። በአንዱ ቤት ቁርሷን በልታ፥ በሁለተኛው ከምድጃ ዳር ተኝታ፥ በሦስተኛው የምትወልደውን ግን የጠየቃት የለም። ትርፍ ቤቶቿን ሳይነኩባት የዘለቀች ባለቤት እርስዋ ብቻ ናት ማለት ይቻላል።

ስለ ድመት ከተነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በአውሮፓና በአሜሪካ «የሐበሻ ድመት» የሚሉት፥ ጠጕሩ የሚዳቋ መልክ ያለው፥ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ዘር አለ። ከእነዚህ የመጀመሪያዋ ተብላ በ1874 እ.ኤ.አ. በታተመ የእንግሊዝ መጽሐፍ የተሣለችው ድመት፥ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከአገራችን ተወሰደች ይባላል፤ ስሟም የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በወረደበት በዙላ ወደብ ተሰየመ። በቅርብ ዘመን የተደረገ የዘር ምርመራ ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይጠቁማል፤ በሆላንድ አገር በላይደን ሙዚየም ያለው የቀድሞ ናሙናም ከሕንድ የመጣ ተብሎ ተጽፎበታል። እንግዲህ ስማችንን የያዘችው ድመት እኛን ሳታውቀን፥ የኛይቱ ደግሞ ያለ ስም በኮርኒስ ላይ ትኖራለች ማለት ነው።

አሁን የጭቃ ቤቶቹ ቍጥር እየመነመነ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት በከተማው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ዝናብ የሚያስገባ ቤት ይቆይ የሚል ክርክር የለኝም፤ ውስጡ ያልኖረበት ሰው ብቻ ያወድሰዋል። ዳሩ ግን ቤቱ ሲፈርስ በምን ልክ እንደ ተሠራ፥ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፥ ማን እንደ ተወለደበት የሚመዘግብ ባለመኖሩ፥ በአንድ ማለዳ የሦስት ትውልድ ወሬ ከፍርስራሹ ጋር በመኪና ይጫናል።

ድመቷንም የሚወስዳት ሰው በጆንያ ከትቶ ነው፤ መንገዱን አይታ እንዳትመለስ። በጋራ ቤቱ ግን ከራስ በላይ ያለው ኮርኒስ ሳይሆን የላይኛው ጎረቤት ወለል ነው፤ የሚሰማውም ኮቴ የአይጥ አይደለም። ሥራ የፈታችው ድመት ደረጃ ለደረጃ ትዞራለች። አንዲት እንዲህ የተወሰደች ግራጫ ድመት ከሳምንታት በኋላ በፈረሰው ቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየች ብለው የቀድሞ ጎረቤቶቿ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ግማሾቹ ራሷ ናት አሉ፤ ግማሾቹ ሌላ ናት አሉ። በስሟ ጠርተው እንዳይለዩአት፥ በሰፈሩ ያለች ድመት ሁሉ የምትጠራው «ውሮ» ተብላ ነው።