ከ«የግል መግለጫ» ይልቅ «ግለ ወግ»

መግለጫ የሚሰጠው ቃል አቀባይ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መግለጫ ያወጣል፤ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ መግለጫ ይሰጣል። አሁን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የሚያመለክት አበሻ ወጣት «የግል መግለጫ» ጻፍ እየተባለ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አባት ልጅህ መግለጫ ሊሰጥ ነው ቢሉት በየትኛው ቴሌቪዥን ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥፋቱ የቃል በቃል ትርጉም ነው። ተርጓሚው «ፐርሰናል»ን የግል፣ «ስቴትመንት»ን መግለጫ አለና ተገላገለ። «ገለጸ» ከ«ገለጠ» ጋር የሚዛመድ፣ የተሸፈነን ማሳየት ያለበት ውብ ግሥ ነበር። ከጋዜጣዊ ጉባኤ ብዛት ግን መግለጫ ማለት ዛሬ የማይገልጥ ንግግር ሆኗል።

ነገሩ ራሱ እንግዳ አይደለም። አመልካቹ የኮሌጅ ውጤቱን፣ ከ120 እስከ 180 ነጥብ የሚያዝበትን የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና (ኤልሳት) ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤና የሥራ ልምዱን ይልካል። ከነዚህ ጋር ብዙ ጊዜ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ፣ በራሱ አንደበት የተጻፈ ጽሑፍ ያያይዛል።

ቁጥር ብቻውን እንደማይፈርድ የባርባራ ግሩተር ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1996 3.8 አማካይ ነጥብና 161 የፈተና ውጤት ይዛ ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አመለከተች፤ አልተቀበሏትም፤ በቅበላው ዘር ከግምት መግባቱን ተቃውማ ከሰሰች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። በ2023 ያው ፍርድ ቤት ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላን ሲያግድ እንኳ፣ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ከጻፈ ትምህርት ቤቱ ያንን ከማየት እንደማይከለከል ገልጿል። የሁለቱ ገጽ ክብደት ጨመረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንበለው? «የሕይወት ታሪክ» የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን በእኛ ዘንድ የቀብር ዕለት የሚነበብ ነው፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሟርት ይመስላል። «ግለ ታሪክ» ከትውልድ ቀዬ ተነሥቶ እስከ ጡረታ የሚሄድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። «ግለ ሐተታ» ይሻል ነበር፤ ሐተተ መረመረ ነውና። ምን ያደርጋል፣ «ሐተታ አታብዛ» የሚለው ተግሣጽ ስሙን አጥፍቶታል። እንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰድ የሚሉትስ? ኮምፒዩተርን ወስደናል፣ አልጎዳንም። ስለ ራስ ለዛ ባለው ቋንቋ መጻፍን ግን አማርኛ ከማንም አልተዋሰም፤ ፎካሪውም ቢሆን ራሱን ሲያስተዋውቅ የኖረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ምርጫ «ግለ ወግ» ነው። ወግ መስፍን ሀብተ ማርያም በመሰሉ ጸሐፍት እጅ የታወቀ የድርሰት ዓይነት ነው፦ አጭር፣ ከአንድ ገጠመኝ የሚነሣ፣ ጸሐፊው ድምፁን የማይደብቅበት። ወግ ሥርዓትም ነው፤ «በወጉ አድርገው» እንላለን። ወላጅም «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ሲል ይመርቃል፣ የሕግ ዲግሪም ከዚያ ማዕረግ የሚቆጠር ነው። ወግ አጥባቂ የሚለውን የፖለቲካ ስም ያስታውሳል ብሎ የሚቃወም ይኖር ይሆናል፤ «ግለ» ከፊቱ ሲቆም ግን ያ ትርጉም ይርቃል።

ልዩነቱ ሥራ ላይ ይታያል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕን እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምር አመልካች መግለጫ እየሰጠ ነው። ሌላው፣ እንበል፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለእናቱ ቤት ልቀቂ የሚለውን ደብዳቤ ኩሽና ቁጭ ብሎ እንዴት እንደተረጎመላት ይጽፋል፤ «በሠላሳ ቀን ውስጥ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ፣ እሷም ምጣዱን ሳታወርድ «ድገመው» እንዳለችው። ፍትሕ የሚል ቃል የለበትም፤ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ግን ልጁ ለምን ሕግ እንደፈለገ ይገባዋል።

የወረደ ውጤቱን ማስረዳት የሚፈልግ ለዚያ የተለየ አጭር ገጽ ማያያዝ ይችላል፤ እሱን «ተጨማሪ ማብራሪያ» ማለት ይበቃል። ግለ ወጉ ውስጥ ከቀላቀለው ጽሑፉ በደርግ ዘመን ስብሰባ ላይ ይደረግ የነበረውን ግለ ሂስ መምሰል ይጀምራል።